ስለ ሴንት ደንስታን የዐይነ ስውራን ቤት የተነገረ ቃል



በአብነት ትምህርት ቤት ዐይነ ስውር ተማሪ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ዳዊትን በቃሉ ሲይዝ፥ ቅኔም ሲቈጥር ማየት ለዚህ ጉባኤ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ዐይናማ ሆኖ አድጎ፥ በእጁ ሥራ ሲኖር ቈይቶ፥ በአንድ ቀን በጦር ሜዳ ብርሃኑን ለሚያጣ ጐልማሳ ነገሩ ሌላ ነው። እንዲህ ላሉት ሰዎች በእንግሊዝ አገር የተሠራው ሥራ ሊነገር የሚገባው ነውና ታሪኩ በአጭሩ እነሆ። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አርተር ፒርሰን በሎንዶን የታወቀ ባለ ጋዜጣ ነበረ፤ ደይሊ ኤክስፕሬስ የሚባለውን ጋዜጣ በ1900 ያቋቋመው እርሱ ነው። ኋላ ግን ግላኮማ የሚሉት ሕመም የዐይኑን ብርሃን ነሣው። በ1914 ታላቁ ጦርነት ተነሥቶ የታወሩ ወታደሮች ወደ ሎንዶን መምጣት በጀመሩ ጊዜ ራሱ እየሄደ በሆስፒታል ጐበኛቸው፤ በ1915ም ቤት ከፈተላቸው። ቤቱ ወዲያው ስለ ጠበበ ኦቶ ካን የሚባል የኒውዮርክ ባለ ባንክ በሪጀንትስ ፓርክ ያለውን ሴንት ደንስታን የተባለ ሰፊ ቤት እንዲገለገሉበት ፈቀደ፤ ማኅበሩም ስሙን ከዚያ ወሰደ።

ፒርሰን ኀዘኔታን አይወድም ነበር። ስለዚህ ለአዲስ መጪ የሚሰጠው ስጦታ በጣት ተዳሶ የሚነበብ የኪስ ሰዓት ነበር። ሌሊትና ቀን አንድ ለሆነበት ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ሰዓቱን ማወቅ ትንሽ ነገር ሊመስል አይገባም። ከአስተማሪዎቹም ብዙዎቹ ራሳቸው ዐይነ ስውራን ነበሩ፤ ይህም ታላቅ ብልሃት ነው። ዐይናማ «ትችላለህ» ቢል ለማጽናናት የተናገረው ይመስላል፤ ዕውሩ መምህር ግን የብሬልን ነጥቦች በጣቱ እያነበበ ቢናገር ማን ይክደዋል? ከዚያ በኋላ በጽሕፈት መኪና መጻፍን፥ ገላ የማሸትን ሕክምና፥ አናጢነትን፥ ቅርጫት መሥራትን፥ ጫማ መጠገንን፥ ዶሮ ማርባትንም እንደ ዝንባሌያቸው ይማሩ ነበር። የዶሮውን ዘር በመዳሰስ ብቻ ይለዩ ነበር ቢባል የማያምን አይጠፋም፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ተምሮ ወደ ቤቱ የተመለሰውንም አልረሱትም፤ የሥራ ዕቃ ያቀርቡለት፥ የሠራውንም ይሸጡለት ነበር።

ኢያን ፍሬዘር በ1916 በሶም ጦርነት ዐይኑን ሲያጣ ገና 18 ዓመቱ ነበር። ወደ ሴንት ደንስታን ገብቶ ተማረ፤ ፒርሰን በታኅሣሥ 1921 በሞተ ጊዜ በ24 ዓመቱ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነ፤ እስከ 1974ም በዚያው ሥልጣን ቈየ። በ1924 የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ፓርላማ ገብቷል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ለወታደሩ የሕዝብ ልብ በቶሎ ተከፈተ፤ ዕውር ሆኖ የተወለደው ወይም በፋብሪካ የታወረው ድኻ ግን ያን ያህል አላገኘም። ስለዚህ በ1920 ዐይነ ስውራን ሠራተኞች ከማንቸስተር፥ ከሊድስና ከኒውፖርት ተነሥተው በእግራቸው ሎንዶን ገቡ፤ የጠየቁትም ምጽዋት ሳይሆን ፍትሕ ነበር። በዚያው ዓመት ፓርላማው ስለ ዐይነ ስውራን ሕግ አወጣ።

የሴንት ደንስታን ማኅበር በ2012 ስሙን ለውጦ የብሪታንያ ዐይነ ስውራን የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ተብሏል። ከ2000 ጀምሮም በውጊያ የታወሩትን ብቻ ሳይሆን በበሽታና በእርጅና ብርሃናቸውን ያጡትን የቀድሞ ወታደሮች ጭምር ይቀበላል።