«ምን አያችሁ?»፦ በገጸ ባሕርይ ንድፍ ላይ ገንቢ አስተያየት ስለ መስጠትና ስለ መቀበል

(የሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል)



ስለ ሥዕል ብዙ ይነገራል፤ በሥዕል ላይ አስተያየት እንዴት እንደሚሰጥ ግን እምብዛም አናስተምርም። ተማሪው አራት ዓመት ሙሉ ሥራውን ግድግዳ ላይ እየሰቀለ ይተቻል፤ የመተቸቱ ጥበብ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ አይቀርብለትም። የዛሬው ንግግሬ በዚህ ክፍተት ላይ ያተኩራል። ከሥዕል ዘርፎችም የገጸ ባሕርይ ንድፍን መርጫለሁ። ዛፍ ወይም ማሰሮ ብንስል ስሕተታችን የሚጎዳው ሥዕሉን ነው፤ ሰውን ስንስል ግን ስሕተታችን ወደ ተሳለው ሰው ይሻገራል።

ነገሩን በምሳሌ ላቅርበው። እንበልና አንድ ተማሪ በኮዬ ፈጬ ለሚፈጸም አጭር ሥዕላዊ ታሪክ ሁለት ገጸ ባሕርያትን ነደፈ። አንደኛው የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎቹ ያረፉበትን መሬት ሲያርሱ የኖሩ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ሁለተኛዋ ከመሀል ከተማ ወጥታ በዕጣ የደረሳት ቤት ውስጥ የገባች ሴት ናት፤ ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን በአንድ እጇ አንጠልጥላ አሳንሰር የሌለውን ሕንፃ ደረጃ ትወጣለች። ሴቲቱ ፊት ለፊት ተስላለች፤ ብርሃን ያርፍባታል። ገበሬው ግን በጎን ተስለዋል፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፣ ቅንድባቸው ከብዷል፣ ትከሻቸው ወደ ውስጥ ታጥፏል።

ይህን ንድፍ ስናይ በክፍላችን ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ሁለት ዓይነት ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው «ጎበዝ፣ በጣም ቆንጆ ነው» የሚል ነው። ምንጩ ይሉኝታ ነው፤ ተማሪውን ደስ ያሰኘዋል፣ ነገ ምን እንደሚሠራ ግን አይነግረውም። ሁለተኛው «እንዲህ አይሳልም! ገና ነህ» የሚል ነው። ይህም ስለ ተማሪው እንጂ ስለ ሥዕሉ የሚናገረው ነገር የለም። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ጉድለታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ከወረቀቱ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው ሰውየውን ያያሉ።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ሰፊ ትንተና ከ600 በላይ የምርምር ውጤቶችን አነጻጽረዋል። ግብረ መልስ በአማካይ ሥራን ያሻሽላል፤ ከሦስት አንድ በሚበልጡት ውጤቶች ግን ግብረ መልስ የተሰጠው ሰው ሥራ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ እንዳብራሩት አስተያየቱ የሰሚውን ትኩረት ከሥራው አንሥቶ ወደ ራሱ ወደ ሰውየው ባዞረ መጠን ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አስተያየት በመስጠታችን ብቻ ረድተናል ማለት አይቻልም።

ታዲያ ከምን እንጀምር? ከፍርድ በፊት ምስክርነት ይቅደም እላለሁ። ከላይ ለጠቀስነው ንድፍ የመጀመሪያው ጠቃሚ አስተያየት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እኔ ሳያቸው ገበሬው ክፉ ሰው መስለው ታዩኝ። በጎን ስለ ተሳሉና አንድ ዓይናቸው ብቻ ስለሚታይ ይመስለኛል። ያሰብከው ይህንን ነው?» በዚህ አነጋገር ሦስት ነገሮች ተሟልተዋል፤ ተመልካቹ የተሰማው ስሜት፣ ስሜቱን የፈጠረው የሚታይ ምልክት፣ የሠዓሊውን ሐሳብ የሚጠይቅ ጥያቄ።

ምልክቱ ለእኛ ዓይን ልዩ ትርጉም እንዳለውም ልብ በሉ። በቤተ ክርስቲያን የሥዕል ትውፊታችን ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሳላሉ፤ ይሁዳና ሌሎች ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይቀርባሉ። የዓድዋን ድል የሚያሳዩት ባህላዊ ሥዕሎችም ይህንኑ ተከትለው ወገንን ከፊት፣ ጠላትን በጎን ያሳያሉ። ተማሪው ይህን ሳያስብ ገበሬውን በጎን ሊስል ይችላል፤ ተመልካቹ ግን ሳያስብም ቢሆን ያነበዋል። በ2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ የተነሣውን ውዝግብ የምታስታውሱ፣ በዚያ ሥፍራ አንዱን ወገን በብርሃን፣ ሌላውን በአንድ ዓይን መሳል ምን ማለት እንደሚሆን አይጠፋችሁም። ሠዓሊው «እኔ ያሰብኩት ሐዘናቸውን ነው» ብሎ ቢመልስ አስተያየቱ ፍሬ አፈራ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ፊታቸውን ማዞር፣ አገጫቸውን ቀና ማድረግ፣ ሐዘኑን ከቅንድብ ይልቅ ሥራ በፈቱ እጆቻቸው ማሳየት ይቻል እንደሆነ በጋራ መመርመር እንችላለን።

ሁለተኛው ነጥብ ቅደም ተከተል ነው። ከትልቁ ወደ ትንሹ እንሂድ። ንድፉን በሙሉ ጥቁር ብንቀባው በሚቀረው ቅርጽ ብቻ ገጸ ባሕርዩን እንለየዋለን? ቀጥሎ አቋምና ክብደት፤ ከዚያ የአካል ምጥጥን፤ ከዚያ የፊት ገጽታ፤ በመጨረሻ የነጠላው ጥለትና የጫማው ማሰሪያ። የሴቲቱን ንድፍ ተመልከቱ። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ግራም ያህል ነው። ይህን በቀኝ እጁ የያዘ ሰው ወገቡን ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ግራ እጁም ሚዛን ለመጠበቅ ከአካሉ ይርቃል። በንድፉ ላይ ግን ጀርባዋ ቀጥ ብሏል፤ ጀሪካኑ ባዶ ይመስላል። ይህ ሳይነገር ስለ ጥለቱ አሥር አስተያየት ቢሰጥ፣ ተማሪው ጥለቱን አሳምሮ መልሶ ያመጣዋል፤ ጀሪካኑም ባዶ እንደ ሆነ ይቀራል።

ይህ ሥርዓት ከውጭ የመጣ ብቻ አድርገን አንቁጠረው። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። የሚጀምረው ከሁለቱ ቤት ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው በየደረጃው አልፎ ነው። እርማቱ ከሥራው ሳይርቅ ይሰጣል፣ በተለየ ቃልና ቤት ላይ ያርፋል፤ በማግሥቱም ሌላ ቅኔ ስለሚቆጠር የዛሬው ስሕተት የመጨረሻ ፍርድ አይሆንም። የሠመረ ቅኔ ሲሰማም «ይበል!» ይባላል፤ ሙገሳውም ቦታ አለው።

ከውጭው ዓለም ደግሞ አሜሪካዊቷ የውዝዋዜ ባለሙያ ሊዝ ለርማን እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ያዳበረችው አሠራር ይጠቅመናል። አራት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ተመልካቾች በሥራው ውስጥ ትርጉም የሰጣቸውን ይናገራሉ። ቀጥሎ ሠዓሊው ራሱ ይጠይቃል። ከዚያ ተመልካቾች ፍርድ ያልተሸሸገበት ጥያቄ ያቀርባሉ። በመጨረሻ «ስለ እጆቹ አስተያየት አለኝ፤ ልንገርህ?» ብለው ፈቃድ ጠይቀው ሐሳባቸውን ይሰጣሉ። ታላቅን ማረም እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት ማኅበረሰባችን ይህ ሥርዓት ታናሹ ለታላቁ ያየውን ሳይፈራ የሚናገርበትን መንገድ ይከፍታል።

ለእኛ ለመምህራን አንድ ነገር ልጨምር። በተማሪው ሥራ ላይ እርሳሳችንን አናሳርፍ። ማሳየት ካስፈለገ ስስ አሳላፊ ወረቀት ደርበን በዚያ ላይ እንሣል። የተማሪው መሥመር ከሥር ሳይነካ ይቆያል፤ ሁለቱን አነጻጽሮ ይመርጣል።

የተቀባዩም ድርሻ ከሰጪው አያንስም። አንደኛ፣ ሥራችሁን ስታቀርቡ በምን ደረጃ ላይ እንዳለና የምትፈልጉትን ተናገሩ፦ «ይህ የመጀመሪያ ንድፍ ነው፤ ፊቷን ተዉትና አቋሟን እዩልኝ» በሉ። ሁለተኛ፣ ተመልካቹ ሳይናገር አታብራሩ። መጽሐፉ ሲታተም እናንተ ከገጹ አጠገብ ቆማችሁ አታስረዱም። ሦስተኛ፣ የሰማችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ መመዘኑን ለማግሥቱ አቆዩት። ስትመዝኑም ሕመሙን ከመድኃኒቱ ለዩ። ሦስት ሰዎች ስለ አንድ ትከሻ ሦስት የተለያዩ መፍትሔዎች ቢሰጧችሁ፣ ሦስቱም መፍትሔዎች ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ትከሻው ላይ ችግር መኖሩ ግን አያጠራጥርም። አራተኛ፣ አስተያየትን አለመቀበል መብታችሁ ነው፤ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ከቻላችሁ።

በመጨረሻም፣ የክፍል ውስጥ ሒስ ብቻውን በቂ አይደለም። የኮዬ ፈጬን ሰው የሳለ ተማሪ ንድፉን ይዞ ወደ ኮዬ ፈጬ ይሂድ። ለአካባቢው ነባር ገበሬዎችና ለአዲሶቹ ነዋሪዎች ያሳይ፤ አፋን ኦሮሞ ለሚናገረው በአፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ ለሚናገረው በአማርኛ ይጠይቅ። «ወደዳችሁት?» ብሎ ግን አይጠይቅ፤ እንግዳን ማሳፈር የማይወድ ሕዝብ «ጥሩ ነው» ብሎ ይሸኘዋል። ይልቁንም «ይህ ሰው ማን ይመስላችኋል? ምን እያሰበ ነው?» ይበል። አንድ አዛውንት ንድፉን አይተው «ይህ ሰው ሌባ ነው እንዴ?» ቢሉ፣ ከየትኛውም ዲግሪ ካለው ተቺ የማይገኝ ግብረ መልስ ሰጥተውታል። ያን ሰምቶ ወደ ወረቀቱ የሚመለስ ተማሪ እንድናፈራ አደራ እላለሁ።