ጦቢያን ስለ ማንበብ

(በንባብ ክበባችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን ላይ ከመካከላችን አንዲት እኅት ተነሥታ አንድ ጥያቄ አቅርባ ነበር። «የፍቅር ታሪክ ያለበት፣ ልብ የሚያንጠለጥል፣ ነገር ግን እናቴ ብታገኘው የማላፍርበት፣ የክርስቲያንን ሕይወት የሚያሳይ አጭር መጽሐፍ ንገሩኝ» አለች። ብዙዎቻችን ሳቅን። ከሳቁም በኋላ የጠራንላት መጻሕፍት ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጡ ሆኑ። እኔም በዚያ ቀን ምንም ሳልናገር ወጣሁ። ወደ መኝታ ቤት ስመለስ ግን መልሱ ትዝ አለኝ፤ አፈርሁም። የጠየቀችው ዓይነት መጽሐፍ በገዛ ቋንቋችን ከተጻፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታልና።

መጽሐፉ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባላል። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ታተመ፤ ኋላ እንደገና ሲታተም በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» ተባለ፤ ዛሬም ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚሁ ስም ነው። ደራሲው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለድ ድርሰቶች የመጀመሪያው ይኸው ነው ተብሎ ይቈጠራል። ዛሬ ማንኛውንም የፈጠራ ታሪክ «ልብ ወለድ» ብለን ስንጠራ የዚችን ትንሽ መጽሐፍ አርእስት መጥራታችን መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን? ዐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያቀርቡልን መንገዱ ከተቀደደ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ፍጻሜውን ግን አልነግራችሁም። በክርስቲያንና ክርስቲያን ባልሆነ መንግሥት መካከል ጦርነት ይነሣል። የክርስቲያኑ ጦር ይሸነፋል፤ አለቃውም ተማርኮ ባሪያ ይሆናል። ትናንት ሺህ ሰው ያዝዝ የነበረው ሰው ዛሬ እንደ ዕቃ ዋጋ ይወጣለታል። አንድ የማያውቀው ነጋዴ አይቶት ያዝንለታል፤ ገንዘቡንም ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። ወደ ቤቱም ይመለሳል። መንትዮች ልጆች አሉት፤ ወንዱ ዋሕድ፣ ሴቲቱ ጦቢያ ይባላሉ።

እዚህ ላይ ተራ ደራሲ ቢሆን ታሪኩን በደስታ ይዘጋው ነበር። አፈወርቅ ግን ታሪኩን የጀመሩት እዚህ ነው። ዋሕድ «ለአባቴ እንዲህ ያለ ውለታ የዋለ ሰው ሳይመሰገን አይቀርም» ብሎ ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል፤ እሱም በተራው በባርነት እጅ ይወድቃል። እንግዲህ ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትነሣለች። መንገዱ ወስዶ ከዚያው ከጠላት ንጉሥ ግቢ ይጥላቸዋል። ከዚህ በኋላ የመጽሐፉ ልብ መንጠልጠል ይበረታል። ከንጉሡ ዘመዶች አንዲት ልጅ ይህን መልከ መልካም «ወጣት» አይታ በፍቅር ትያዛለች። ጦቢያ እውነቱን ብትናገር ምን ይደርስባታል? ብትደብቅስ እስከ መቼ? ንጉሡ ራሱ ሴት መሆኗን ያወቀ ዕለትስ?

ይህን ያነበብሁት ከአንድ ወዳጄ ተውሼ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ ቅጂ ነው። ከእራት በፊት ጀምሬው እራቱ አለፈኝ። መቶ ገጽ የማይሞላ መጽሐፍ ነውና ለአንድ ሌሊት ይበቃል።

«የክርስቲያን መጽሐፍ» የምለው ስለ ምንድን ነው? በየገጹ ስብከት ስላለበት አይደለም። የታሪኩ ሞተር ውለታ ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ለማያውቀው ሰው ያለ ዋጋ መልካም ያደርጋል፤ ያ መልካም ሥራ አንድን ቤተ ሰብ በሙሉ ለመንገድ፣ ለመከራና ለፍቅር ያስነሣዋል። ከባሕር ማዶ በሚመጡት የፍቅርና የሥጋት መጻሕፍት ውስጥ ታሪኩን የሚገፋው ብዙ ጊዜ ወንጀል ነው፤ አንድ ሰው ይገደላል፣ ገዳዩ ይፈለጋል። በዚህ ግን የሚፈለገው መልካም አድራጊው ነው። እኔ ይህን ባሰብሁ ቍጥር ይደንቀኛል። በፍቅሩም በኩል ንጉሡ ጦርና ዙፋን አለው፤ ልጅቱ ያላት ሃይማኖቷና ክብሯ ብቻ ነው። ከሁለቱ ማን እንደሚበረታ ለማየት ስትሉ ብቻ መጽሐፉን ብታነቡት አትጸጸቱም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ይህን ዘልዬ ብሄድ አታለልኋችሁ ማለት ነውና።

መጽሐፉን ጨርሼ አብሮኝ ለሚያድረው ጓደኛዬ ባቀረብሁለት ጊዜ እጁን አልዘረጋም። «ቅድመ አያቴ በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ወድቋል። የዚህ መጽሐፍ ደራሲ በዚያን ጊዜ ከማን ጋር እንደ ነበረ ታውቃለህን?» አለኝ። አውቃለሁ። አፈወርቅ በ1860 ዓ.ም. ዘጌ ተወልደው፣ ኢጣልያ አገር ሥዕል ተምረው፣ ኔፕልስ ላይ አማርኛ ያስተማሩ፣ ኋላም ኢትዮጵያን ወክለው ሮማ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ፋሺስት አገራችንን በያዘ ጊዜ ግን ከጠላት ጋር ሠሩ፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ስምም ተሰጣቸው። ከነጻነት በኋላ ተፈርዶባቸው ጅማ በግዞት ሳሉ በ1940 ዓ.ም. ሞቱ። ጓደኛዬ «ቢያንስ አንቱ አትበለው» አለኝ።

እኔ አንቱ የምለው ሥራውን ለማጽደቅ አይደለም፤ ሽማግሌን በሞቱ አንተ ማለት ስላልለመድሁ ነው። ስለ ነገሩ ግን እንዲህ አልሁት፦ «መጽሐፉ ሲጻፍ ወረራው ሃያ ሰባትና ሃያ ስምንት ዓመት ይቀረው ነበር። የጻፈው እጅ ኋላ ምን እንደሚፈርም ፊደሎቹ አያውቁም። ደግሞም የአገራቸውን ስም ለልጅቱ የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ ጦቢያ ማለት ባላገሩ ኢትዮጵያን የሚጠራበት ስም ነው። ማርከው ለሸጡት ሰዎች ያልተንበረከከችውን ልጅ የፈጠረ ሰው እንዴት እንደ ተንበረከከ ለማወቅ ብትፈልግ፣ መጽሐፉን ሳታነብ ከየት ትጀምራለህ?»

መልስ አልሰጠኝም። መጽሐፉን ግን ከጠረጴዛዬ ላይ ወሰደ። በሦስተኛው ቀን መልሶ አስቀመጠውና «የነጋዴውን ነገር ወደድሁት። ሰውየውን ግን ይቅር አላልሁም» አለኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ ፍርድ አልሰማሁም። መጽሐፍን መውደድና ደራሲውን ይቅር ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ያደረገ ሌላውን የማድረግ ግዴታ የለበትም።

ሁለተኛም ነገር አለ። መጽሐፉ ክርስቲያን ያልሆነውን ወገን በንቀት ዓይን የሚያይበት ቦታ አለው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ እስላም የሆኑ ወንድሞችና እኅቶች ተቀምጠዋል፤ ይህን ሲያነቡ እንደማይጥማቸው አውቃለሁ፤ እኔንም አልጣመኝም። ይህን ጉድለት አይቶ ማለፍ እንጂ መደበቅ አይገባንም። ባርነትንም በሚመለከት መጽሐፉ የሰው ልጅ መሸጥ ምን እንደሆነ ከተሸጠው ሰው ዘንድ ሆኖ ያሳየናል፤ ነገር ግን የሚያስለቅሰን ጌታ የነበረው ሰው ባሪያ በመሆኑ ነው። ባሪያ ሆኖ ስለ ተወለደውስ ማን ያልቅስ? አገራችን ባርነትን በዐዋጅ ፈጽማ የሻረችው በ1934 ዓ.ም. መሆኑን እያሰባችሁ አንብቡት፤ ብዙ የሚያነጋግር ነገር ታገኛላችሁ።

ስለ አማርኛውም አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች ዳገት ናቸው። አረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ ቃላቱም እኛ በተማሪ ቤት ከለመድነው የቆዩ ናቸው። እኔ ያገኘሁት መድኃኒት አንድ ነው፤ ጮክ ብሎ ማንበብ። ጆሮ ሲሰማው ዓይን ያልገባው ይገባዋል። ያልገባችሁን ቃል ደግሞ ለአያቶቻችሁ ጠይቁ፤ ከመዝገበ ቃላት ይልቅ እነርሱ ያጫውቷችኋል። አማርኛው ጨርሶ እንቢ ያለው ሰው ታደሰ ታምራት ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት በፈረንጆች 1964 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ ወጥቷልና በዚያ ሊረዳ ይችላል። ነገር ግን የራስን አያት በአስተርጓሚ ማነጋገር ደስ የማያሰኝ መሆኑን አትርሱ።

እንግዲህ ጥያቄውን ላቀረበችው እኅታችን መልሴ ይህ ነው። ፍቅር አለበት፤ ሥጋት አለበት፤ ሃይማኖት አለበት፤ አጭርም ነው። ከእናትሽም ፊት የምትደብቂው አይደለም፤ እንዲያውም ለእናትሽ ጮክ ብለሽ ብታነቢላት እኔ ካልሁት በላይ ታስረዳሻለች ብዬ አምናለሁ። ሽፋን የሌለው ቅጂ አሁን በእኔ እጅ ነው፤ ባለቤቱ ፈቅዶልኛልና ከስብሰባው በኋላ መጀመሪያ ለመጣ እሰጣለሁ። የማሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያነበበ ሰው ለሚቀጥለው ያስተላልፍ፤ በሚመጣውም ስብሰባ ንጉሡ ስላደረገው ነገር የልቡን ይናገር። እኔ እስካሁን ያደረገው ለእግዚአብሔር ይሁን ለልጅቱ አልቈረጥሁም።