«ኢምፔር» የሚለው ቃል ያስከፈለን
በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ሂሳብ የምንይዘው እኛ መድረክ ላይ ስንወጣ ሰው ሁሉ ቁጥር ለመስማት ነው የሚዘጋጀው። ዛሬ ግን የምናወራው ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ነው፤ «ኢምፔር» ይባላል። ጉዳትን የሚናገር ግስ ነው። ባለፈው ዓመት በዚህ ቃል ሁለት ጊዜ ተሳስተናል።

የመጀመሪያው ለለጋሾች በላክነው ሪፖርት ላይ ነው። የኑሮ ውድነት የጎዳቸው 7 አባላት አሉን ለማለት ፈልገን ሴቶቹን «ኢምፔርድ» ብለን ጻፍን። መልሱ ሲመጣ፣ ለአካል ጉዳተኛ አባላቶቻችሁ ምን ዓይነት ድጋፍ ትሰጣላችሁ የሚል ጥያቄ ሆነ። ጠያቂዋ አልተሳሳተችም፤ የጻፍነውን ነው ያነበበችው።

ሁለተኛው ይብሳል። በዚያው ሪፖርት የብድር ሠንጠረዥ ላይ ቃሉ በትክክል ገብቶ ነበር። ለእናንተ በአማርኛ ስናነበው ግን «የተበላሹ ብድሮች» አልነው። ባንኮቹም እንዲሁ ስለሚሉት ምንም አልመሰለንም። ስም አልጠራንም፤ ግን በዚህ አዳራሽ ማን ከማን እንደተበደረ የማያውቅ የለም። አንዲት እህታችን ተነሥታ «የተበላሸው ብድሩ ነው ወይስ እኔ?» አለችን። ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ የባልትና ሥራዋም የቆመው በዚሁ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ስብሰባ ቀረች። ይህን የምንናገረው እሷኑ አስፈቅደን ነው።

ታዲያ ቃሉ ምን ማለት ነው? ሥሩ ከላቲን በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን «ማባስ» ማለት ነበር። ዛሬ የሚያገለግለው የአንድን ነገር አቅም ወይም ጥራት መቀነስን ለመናገር ነው። እንግሊዞች «በዱላ ኢምፔር አደረጋት» አይሉም፤ ሰውን ማቁሰል «ኢንጁር» ነው፣ ዕቃን መጉዳት «ዳሜጅ»። «ኢምፔር» የሚሆነው ማየት፣ መስማት፣ ማስታወስ፣ ማመዛዘን ነው። መጠጥ ፍርድን «ኢምፔር» ያደርጋል፤ በአሜሪካና በካናዳ ጠጥቶ መንዳት «ኢምፔርድ ድራይቪንግ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ስለ ሰው ሲነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መስማት የተሳናቸው ብዙ ሰዎች «ሂሪንግ ኢምፔርድ» መባልን አይወዱም፤ ጎደሎ አድርጎ ያሳየናል ይላሉ።

በሂሳብ ሥራም ትርጉሙ ያው ነው። አዋጅ ቁጥር 847/2006 አገራችንን ወደ ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎች ካስገባ ወዲህ ቃሉ ከእጃችን አይጠፋም። በምሳሌ እንየው። አንድ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን በመዝገባችን 40,000 ብር ዋጋ አለው እንበል። ዛሬ ቢሸጥ፣ የማሻሻጫ ወጪው ተቀንሶ 22,000 ብር ያወጣል። ብንሠራበት ደግሞ ወደፊት የሚያስገባልን ገንዘብ በዛሬ ዋጋ ሲታሰብ 27,000 ብር ነው። ደንቡ ከሁለቱ ትልቁን ውሰዱ ይላል። ስለዚህ 13,000 ብሩን ከመዝገቡ ቀንሰን በኪሳራ እንይዛለን። ልብ በሉ፣ ማሽኑ አልተሰበረም፤ ነገም ያቦካል። አቅሙ ነው ያነሰው። ሁኔታው ከተሻሻለ ደግሞ የቀነስነውን መልሰን መጨመር እንችላለን (ሥራ ባይቀንስ ማሽኑ በመደበኛው እርጅና ይኖረው ከነበረው ዋጋ ሳናልፍ)።

ብድርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ተበዳሪዋ መክፈል እንዳቃታት ይገመታል፤ በቂ ማስረጃ ካለ ግን ግምቱ ይነሣል። እኛ ማስረጃ አልጠየቅንም፣ ቤቷ ድረስ ሄደንም አላየንም። እውነቱን ለመናገር የቃሉ ስህተት ከዚህ ስህተት በኋላ የመጣ ነው።

«ተበላሸ» የተባለ ወተት ይደፋል እንጂ ተመልሶ አይጠጣም። ለዚህ ነው እህታችንን ያን ያህል የወጋት። ለ«ኢምፔር» የሚቀርበውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ስንፈልግ ሰነበትን፤ ያገኘነው ግን ከአንዲት እናታችን አፍ ነው። ቁጠባ ለማስገባት መጥተው ሲፈርሙ «እዚህ ላይ ነው? ዓይኔ ደክሟል እኮ ልጆቼ» አሉን። ዓይናቸው አልጠፋም፤ ደክሟል። በዚያው ዕለት የሠንጠረዡን ርዕስ «የደከሙ ብድሮች» ብለን ቀየርነው። ኦዲተሩ ግራ እንዳይገባው ከግርጌው ማብራሪያ ጨምረናል።

ለለጋሾቻችንም እርማት ልከናል። ከእንግዲህ ስለ አባላት ስንጽፍ ምን እንደደረሰባቸው በቀጥታ እንጽፋለን፤ ሕመም ከሆነ ሕመም፣ የገበያ መቀዛቀዝ ከሆነም እሱኑ።

እህታችን ከጥቅምት ጀምሮ መክፈል ጀምራለች፤ ለብድሯ ከያዝነው መጠባበቂያም ከፊሉን መልሰናል። ገንዘቡን የምትልከው በልጇ እጅ ነው። ስብሰባ ግን ዛሬም አልመጣችም። ልጇ ቅዳሜ ሲመጣ የዚህን ንግግር ጽሑፍ ከደረሰኙ ጋር እንልክላታለን።