ዮጋን ለመጀመር ለሚያስብ ተማሪ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጕዳይ ዮጋ ነው። አርእስቱ ሲነገር አንዳንዶቻችሁ ፈገግ፣ አንዳንዶቻችሁም ቅር እንዳላችሁ አይቻለሁ። አልነቅፋችሁም፤ እኔም ከመጀመሬ በፊት በሁለቱም በኩል አልፌአለሁ።

ቃሉ የሳንስክሪት ሲሆን ሥሩ መጥመድን፣ በቀንበር ማጣመርን ያመለክታል። ይህ ምሳሌ ለገበሬ ልጅ ሩቅ አይደለም፤ በሬዎቹ እኩል ካልተራመዱ ትልሙ ይጣመማል። ፓታንጃሊ ጻፈው በሚባለው የዮጋ ሱትራ ውስጥ ስምንት ክፍሎች ተዘርዝረዋል። የመጀመሪያው የሥነ ምግባር ክፍል ሲሆን ሌላውን አለመጕዳትን ይጨምራል። በሥዕል የምናየው የሰውነት አቋቋምና አቀማመጥ ሦስተኛው፣ የአተነፋፈስ ሥርዓት ደግሞ አራተኛው ነው።

እኔ ግን የጀመርሁት ከሥዕሉ ነበር። ጐንበስ ብዬ የእግሬን ጣት ለመያዝ በጕልበት ስሳብ የጭኔ የኋላ ጡንቻ ተጐዳና ሁለት ሳምንት አነከስሁ። ጥፋቱ ከጐኔ ካለው ላለማነስ የነበረኝ ችኰላ ነው። እኛ ተማሪዎች ሁሉን ነገር በማርክ መለካት ልማድ ሆኖብናል።

ታዋቂው የህንድ መምህር ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር በልጅነቱ በበሽታ የደከመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመው መጽሐፉ ትምህርቱን በዓለም አስፋፋ። እርሱም ሰውነቱ ያልታዘዘለት ሰው በብርድ ልብስ፣ በጠፍርና በወንበር እንዲታገዝ ያስተምር ነበር። መደገፍ ነውር አይደለም።

እንግዲህ ጀማሪ ከምግብ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቈይቶ፣ በባዶ እግሩ፣ በማያንሸራትት ምንጣፍ ላይ ይጀምር። መጀመሪያ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ክብደታችሁ በሁለቱም እግር እኩል መሆኑን አስተውሉ። ቀጥሎ በእጅና በጕልበታችሁ ተደግፋችሁ፣ አየር ስታስገቡ ደረታችሁን ክፈቱ፤ ስታስወጡ እንደ ድመት ጀርባችሁን ወደ ላይ አጕብጡ። ከዚያ ተረከዛችሁ ላይ ተቀምጣችሁ ግንባራችሁን ወደ ምንጣፉ ዝቅ አድርጉ። በመጨረሻ በጀርባችሁ ተንጋላችሁ ጥቂት ደቂቃ ዕረፉ። በአፍንጫ ተንፍሱ፤ እስትንፋስ ሲቈራረጥ ከዐቅም በላይ መሄዳችሁን ዕወቁ። የሚወጋ ሕመም ከተሰማ ወዲያው ተዉት። የደም ግፊት ወይም ግላኮማ ያለበት ሰው በራሱ መቆምን አይሞክር፤ አስቀድሞም ሐኪም ይጠይቅ።

ጥቅሙስ? የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቈየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ መሆኑን አመልክቷል። ይህ ማለት ግን ሁሉን ይፈውሳል ማለት አይደለም።

የሃይማኖቱ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ዮጋ በህንድ ከእምነት ጋር አብሮ ማደጉን መካድ ሐሰት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 የዮጋ ዓለም አቀፍ ቀን እንዲከበር መወሰኑም ጥያቄውን አይዘጋውም። እናቴ ስሠራ አይታ «ልጄ፣ ለማን ነው የምትሰግደው?» አለችኝ። «ለማንም፤ ወገቤን ነው የማፍታታው» አልኋት። መልሴ እውነት ነበር፤ ጥያቄዋም ተገቢ ነበር፤ ሰው የሚሠራውን ለምን እንደሚሠራው ማወቅ አለበትና። ሕሊናው የማይፈቅድለት ሰው የዜማውንና የጸሎቱን ክፍል፣ ቢሻም ሁሉንም፣ ሊተወው ይችላል። ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

ለሚጀምር ግን ምክሬ አጭር ነው፤ በቀን ዐሥር ደቂቃ፣ ያለ ውድድር። በዚህ ትምህርት ማንም ማርክ አይሰጠንም፤ ለእኔ ትልቁ ዕረፍት እርሱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።