ቢራ ለመቅዳት ምግብ ቤት የሆኑት ቡና ቤቶች

በታይላንዷ ፉኬት ደሴት፣ ፓቶንግ በተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ባንግላ የሚሉት ጎዳና አለ። ሲመሽ ለመኪና ይዘጋል፤ ግራ ቀኙም በአብዛኛው ቡና ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ድንበር ሲያዘጋ ያ ሁሉ ግርግር ጸጥ አለ።

በ2019 ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ የውጭ ጎብኚ ያስተናገደችው አገር፣ በ2021 ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አልሞላላትም።

ምግብ ቤት በእንዲህ ያለ ጊዜ እንደምንም ይውተረተራል። ዋጋ ቀንሶ የአገሬውን ሰው ይጠራል፤ ምግቡን በሞተር ሳይክል ቤት ለቤት ይልካል። ቡና ቤትስ ምን ይላክ? ታይላንድ በዲሴምበር 2020 አልኮልን በኢንተርኔት መሸጥ ከልክላለች። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በኤፕሪል፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ቢራ ከሱቅ መግዛት እንኳ አይቻልም ነበር። ኪራይ ግን እንዲህ ያለውን አዋጅ አያውቅም።

በጁላይ 2021 ፉኬት የተከተቡ ጎብኚዎችን ሆቴል ውስጥ ሳትቆልፍ መቀበል ጀመረች። ይህም ሆኖ፣ እንግዳው ሲመጣ ቡና ቤቱ እንደተዘጋ ጠበቀው!

ዘዴው የመጣው በ2022 መባቻ ነው። መንግሥት ቡና ቤቶች ራሳቸውን ምግብ ቤት አድርገው ለማስመዝገብ እንዲያመለክቱ ፈቀደ፤ ማለትም ቢራ ለመቅዳት መጀመሪያ ምግብ ቤት መሆን ግድ አለ። በጭፈራ ለሚተዳደር ቤት ይህ ቀላል አልነበረም፤ ወጥ ቤት ይፈልጋል፣ ምግብ አብሳይ ይፈልጋል።

የምሽት ክበቦች በይፋ የተከፈቱት በጁን 2022 ነው፤ ያውም እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ።