ሄሊኮፕተር ሲገዛ የሚገዛው ምንድን ነው?
(በውይይት ክበብ የተደረገ ንግግር)



ስለ ጦር መሣሪያ ግዥ በተነሣ ቁጥር የምንከራከረው በዋጋው ነው። ዛሬ ግን ዋጋው ከተከፈለ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ልንናገር ወደናል። ለምሳሌነት የመረጥነው የአውስትራሊያን ጦር ሠራዊት ነው። ሀብትም የተማረ ሰውም ያለው አገር በግዥ ከተሳሳተ፣ ድኻ አገር ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት ከዚያ ይታያልና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአውስትራሊያ ሠራዊት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብላክ ሆክ በተባለው የአሜሪካ ሁለገብ ሄሊኮፕተር ይገለገል ነበር። ሁለገብ የተባለው ወታደር ስለሚያጓጉዝ፣ ቁስለኛ ስለሚያነሣ፣ ጎርፍ ለከበበው ሕዝብም ስንቅ ስለሚያደርስ ነው። በ2004 ምትክ ሲፈለግ፣ የመከላከያ ባለሙያዎች መጀመሪያ የደገፉት አዲሱን ብላክ ሆክ ነበር። በመጨረሻ የተመረጠው ግን ኤንኤች 90 የተባለው የአውሮፓ ሥሪት ሆነ። አውስትራሊያውያን ታይፓን ብለው ሰየሙት፤ በጠቅላላው 47 ገዙ።

ታይፓን በወረቀት ላይ ከአሮጌው የላቀ ነበር። ሥራ ላይ ሲውል ግን መለዋወጫው ዘገየ፣ ጥገናው በዛ፣ የበረራው ወጪ ናረ፣ ደጋግሞም ከበረራ ታገደ። ስለዚህ በጥር 2023 መንግሥት በ2.8 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ 40 አዳዲስ ብላክ ሆኮች እንዲገዙ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ አንድ ታይፓን ባሕር ውስጥ ወድቆ አራት ወታደሮች ሞቱ። የአደጋው ምክንያት ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ስለሆነ በዚህ አንፈርድበትም። ይሁንና እስከ 2037 እንዲያገለግል የታሰበው ታይፓን በመስከረም ፈጽሞ ተሰናበተ። ሠራዊቱም ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ተነሣበት ተመለሰ።

ኖርዌይም የዚሁ ዓይነት 14 ሄሊኮፕተሮች በ2001 አዛ ነበር። በዓመት 3,900 የበረራ ሰዓት ስትፈልግ የምታገኘው በአማካይ 700 ያህል ሆነባት። በ2022 ውሉን አፍርሳ ገንዘቧ እንዲመለስ ጠየቀች።

«እንግዲያው ጥፋቱ የሄሊኮፕተሩ ነው» የሚል ጓደኛ ይኖር ይሆናል። ታዲያ ስለ ኒው ዚላንድ ምን ይላል? ኒው ዚላንድ ከዚያው ዓይነት ዘጠኝ ገዝታ ስምንቱን ለበረራ አሰማራች፤ ዘጠነኛውን ከመጀመሪያው ለመለዋወጫ መደበችው። አውስትራሊያ ታይፓንን ስታሰናብት እርሷ ማብረሯን አላቋረጠችም። እንደ እኛ አስተያየት፣ ይህች ትንሽ አገር ከሄሊኮፕተሩ ጋር ጥገናውንም አብራ ገዝታለች።

በቅሎ የሚገዛ ሰው ገብሱን አስቀድሞ ያስባል። ነገ ከመካከላችን አንዳንዱ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ የሄሊኮፕተር፣ የትራክተር ወይም የአምቡላንስ ግዥ ውል ይፈርማል። ሻጩ የሚያሳየው የሚበረውን ነው። ፈራሚው ግን በዓመት ስንት ቀን ቆሞ እንደሚውል፣ መለዋወጫው በስንት ወር እንደሚደርስ፣ የሚጠግነውም የአገር ልጅ ሠልጥኖ እንደ ሆነ ይጠይቅ። ይህን ሳይጠይቅ ከፈረመ፣ ቁስለኛው በተራራ ላይ ሲጠብቅ ሄሊኮፕተሩ በጋራዥ ውስጥ ይጠብቃል።