የእንግሊዝኛን ቃላት ከታላላቅ መጻሕፍት ስለ መማር



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ የእንግሊዝኛን ከፍ ያሉ ቃላት በምን መንገድ ብንማራቸው ከልባችን ገብተው ይቀራሉ የሚለው ነው። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ በየመሥሪያ ቤቱም ከውጭ አገር ጋራ የሚደረገው የደብዳቤና የውል ጽሕፈት አብዛኛው በዚሁ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። ያለ ቦታው የገባ አንድ ቃል የጸሐፊውን ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱንም ስም ይዞ ይሄዳል።

ብዙ ሰዎች ቋንቋቸውን ለማሳደግ ሲነሡ፣ ከመዝገበ ቃላት ረዥም ረዥሙን ቃል እየመረጡ ከነትርጓሜው በቃላቸው ያጠናሉ። ትጋታቸው የሚመሰገን ነው፤ ፍሬው ግን ከድካሙ ጋራ አይመጣጠንም። ቃል እንደ ሰው ነውና ስሙን ብቻ በማወቅ ጠባዩ አይታወቅም። ከማን ጋራ እንደሚውል፣ በምን ቦታ እንደሚከበር፣ በምን ቦታ እንደሚያሳፍር የሚታወቀው አብረውት ሲውሉ ነው። በራሳችን ቋንቋ «ሞተ»፣ «አረፈ»፣ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» የሚሉት ሁሉ የሚነግሩን አንድ ነገር ነው። ነገር ግን ለሞተች በቅሎ «አረፈች» የሚል፣ በለቅሶ ቤትም ተቀምጦ ስለ አንድ ታላቅ አባት «ሞተ» ብሎ የሚናገር ሰው ቢገኝ፣ አማርኛ አያውቅም እንላለን። ይህን ልዩነት ከመዝገበ ቃላት አጥንቶ ያወቀው የለም፤ ሁላችንም ያወቅነው በቋንቋው ውስጥ በመኖር ነው።

እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ለመኖር ዕድል ያልደረሰን ሰዎች፣ በቋንቋው ውስጥ የምንኖርበት ቤት ታላላቆቹ መጻሕፍት ናቸው። እንግሊዞች ራሳቸውም ቃላቸውን የሰበሰቡት ከዚያው ነው። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው ሊቅ በ1755 ያወጣው ዝነኛ መዝገበ ቃላት ከ40 ሺህ በላይ ቃላት አሉበት፤ ዓመቱ፣ ወደ ፊት የምጠራቸውም ሁሉ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጆንሰን የቃላቱን አገባብ ያስረዳው ከደራስያን መጻሕፍት በለቀማቸው ከ100 ሺህ በላይ በሚሆኑ ጥቅሶች ነበር። መጽሐፉን እያነበበ በሚፈልገው ቃል ሥር ያሰምራል፤ ረዳቶቹም ጥቅሱን በቁራጭ ወረቀት ይገለብጡታል። እንግዲህ መዝገበ ቃላት የመጻሕፍት ልጅ ነው ማለት ነው።

ይኸው ጆንሰን በ1759 «ራስላስ» የተባለ አጭር ልብ ወለድ ታሪክ ጽፎአል። አገራችንን በዐይኑ አላየም፤ ነገር ግን በወጣትነቱ ጀሮኒሞ ሎቦ የተባለው የፖርቱጋል ካህን ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ተርጉሞ ስለ ነበረ፣ የታሪኩን ባለቤት የኢትዮጵያ ልዑል አደረገው። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ስለዚህ ለእኛ የተለየ ጥቅም አለው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ይቻላልና።

የዚህን መጽሐፍ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር የሚያነብ ሰው «ክሬዱሊቲ» ከሚለው ቃል ጋራ ይገናኛል። ደራሲው የሚናገረው ምኞት የሚነግራቸውን ሁሉ እውነት ነው ብለው ለሚቀበሉ ሰዎች ስለ ሆነ፣ አንባቢው ቃሉ ሳይመረምሩ የማመንን ጠባይ የሚገልጽ መሆኑን ከዐረፍተ ነገሩ ይደርስበታል። የቃሉ ሥር በላቲን «ማመን» ማለት ነው። ግእዝ ለአማርኛ ሊቃውንት ቃላት የሚሰጠውን ርዳታ፣ ላቲን ለእንግሊዝኛ ይሰጣል። ከዚህ ከአንዱ ሥር ነጋዴው የሚያውቀው «ክሬዲት»፣ አምባሳደር የሚያቀርበው የሹመት ደብዳቤ «ክሬደንሽያልስ»፣ ሊታመን ለሚገባው የሚነገረው «ክሬዲብል»፣ የነገሩትን ሁሉ ለሚያምነው ተላላ የሚነገረው «ክሬዱለስ» ተገኝተዋል።

እነዚህን ዘመዳሞች ለይቶ አለማወቅ የሚያደርሰውን ጉዳት ተመልከቱ። ስለ አንድ ክስ ሪፖርት የሚጽፍ ሠራተኛ ምስክሩ «ክሬዲብል» ነው ሊል አስቦ «ክሬዱለስ» ነው ብሎ ቢጽፍ፣ የታመነውን ሰው ተላላ አደረገው። ወረቀቱን የሚያነበው ሹም ምስክሩን በዐይኑ አላየውም፤ የሚያየው ቃሉን ነው። በዚያ ምክንያት የአንድ ባለጉዳይ እውነት ሊወድቅ ይችላል።

ታላላቅ መጻሕፍትን ስናነብ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። የቆየ መጽሐፍ ትርጓሜው የተለወጠ ቃል አያጣም። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በመጀመሪያይቱ የተሰሎንቄ መልእክት ምዕራፍ 4 ቁጥር 15 ላይ «ፕሪቬንት» የሚል ቃል አለበት። ዛሬ ቃሉ «መከልከል» ማለት ስለ ሆነ፣ በዛሬው ትርጓሜ የሚያነበው ሰው ምሥጢሩ ይጠፋበታል። የአማርኛውን የሚመለከት ግን «መቅደም» የሚለውን ግስ ያገኛል፤ በዚያ ዘመን የቃሉ ትርጓሜ ይኸው ነበርና። እንደዚሁም ጄን ኦስተን በ1813 ባወጣችው «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ውስጥ፣ ኮሊንስ የተባለው ቄስ የደጋፊውን እመቤት «ኮንዲሴንሽን» እያነሣ ያወድሳል። ያን ጊዜ ቃሉ ባለማዕርግ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ለበታቹ የሚያሳየውን ደግነት ይገልጽ ነበር፤ ዛሬ ግን የሚያሰማው ንቀትን ነው። ቃሉን ከዚያ ወስዶ አለቃውን ስለ «ኮንዲሴንሽኑ» የሚያመሰግን ሠራተኛ፣ ያመሰገነ መስሎት ይሰድባል። መዝገበ ቃላት እጅግ የሚያስፈልገው በዚህ ላይ ነው፤ ከመጽሐፍ ያገኘነው ቃል ዛሬም በዚያው ትርጓሜ የሚሠራ መሆኑን ይነግረናል።

እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ቢሆን ይጠቅማል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለይታችሁ፣ አንዱን ምዕራፍ በየቃሉ ሳትቆሙ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ያላወቃችሁትን ቃል በእርሳስ አስምሩበት፤ ትርጓሜውንም አስቀድማችሁ ከዐረፍተ ነገሩ ገምቱ። ከዚያ በኋላ መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ ግምታችሁን መርምሩ። ከተሰመረባቸው መካከል ሦስት ወይም አራት ብቻ መርጣችሁ ከነዐረፍተ ነገራቸው በደብተር ጻፉ፤ በአጠገባቸውም ከራሳችሁ ሥራ የተወሰደ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩ። በሳምንቱ መጨረሻ ትርጓሜውን በወረቀት ሸፍናችሁ ራሳችሁን ፈትኑ። ሦስቱን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ሠላሳ ቃል አጥንቶ ከረሳው ይበልጣል።

በመጨረሻም፣ ብዙ ቃል ማወቅ ብዙ ቃል ለማብዛት አለመሆኑን ላሳስብ እወድዳለሁ። ቻርልስ ዲከንስ ከ1855 እስከ 1857 በየወሩ እየከፋፈለ ባወጣው «ሊትል ዶሪት» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈጥሮ «ሰርከምሎኪውሽን ኦፊስ» ብሎ ሰይሞታል። ትርጓሜው ዙሪያ ጥምጥም የመናገር መሥሪያ ቤት እንደ ማለት ነው። አንድ ሰው ስለ አንድ እስረኛ ዕዳ ለመጠየቅ ወደዚያ ቢሄድ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲመላለስ ይውላል እንጂ መልስ አያገኝም። ቃሉ ረዥም ቢሆንም ደራሲው ያመጣው ለጌጥ አይደለም፤ ለዚያ ቤት የሚገባው ስም እርሱ ስለ ሆነ ነው። እኛም ደብዳቤ ስንጽፍ አጭሩ ቃል ጉዳዩን የሚያደርስ ሲሆን አጭሩን እንምረጥ፤ ረዥሙን ጉዳዩ ራሱ ሲጠይቀው እናምጣው። ደብዳቤያችንን የሚጠብቀው ባለጉዳይ የሚፈልገው የተማርነውን ቃል ሳይሆን የጠየቀውን መልስ ነውና።